አንድያ ናቸው ወይስ ወገን አላቸው? ስለ ድንቅ አራዊት የቀረበ ዳሰሳ

በጥንታውያን መጻሕፍትም ሆነ በዘመናችን የልጆች ጨዋታ ውስጥ ስሙ ከሌላው እንስሳ ተለይቶ በፍርሃትና በአንክሮ የሚጠራ አውሬ በተነሣ ቍጥር፣ ጥንተ ተፈጥሮውን ለማወቅ የሚሻ ሰው ሳይጠይቅ የማያልፈው ነገር አለ፤ ይኸውም ያ አውሬ እናትና አባት የሌለው፣ ዘር የማይተካ፣ በዓለም ሁሉ ብቻውን የሚኖር አንድያ ፍጥረት ነውን፣ ወይስ ቍጥሩ ጥቂት፣ ማደሪያውም ስውር ይሁን እንጂ እንደ ሌላው ሁሉ ወገንና ነገድ አለው? የሚል ነው። ከጃፓን ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ፖኬሞን የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ፣ ተጫዋቹ ልዩ ልዩ ፍጥረታትን እያደነ የሚሰበስብበት በመሆኑ፣ ባለ አፈ ታሪክ ተብለው የተለዩት ጥቂቶቹ አንድያ መሆን አለመሆናቸው በወዳጆቹ መካከል ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ያላባራ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩን ግን ጨዋታው አልፈጠረውም። በግእዝ መጻሕፍታችን ስለ ሌዋታንና ስለ ብሔሞት፣ በነገሥታት ትውፊታችን ስለ አርዌ፣ በአትባራና በሰቲት ወንዞች መካከል በተዘረጋው የፋሽጋ ቆላ ደግሞ ስለ ባለ አንድ ቀንዱ አውሬ ሲነሣ የኖረው ጥያቄ በመሠረቱ ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አካል፣ ባሕርይና መዓርግ

ክርክሩ የሚረዝምበት ዋናው ምክንያት፣ ተከራካሪዎቹ “አንድ” ሲሉ ምኑን እንደሚቈጥሩ አስቀድመው ስለማይለዩ ነው። የሃይማኖት ሊቃውንታችን አካልን ከባሕርይ ለይተው ማስተማራቸው ለዚህም ነገር ብርሃን ይሰጣል፤ አንድ አውሬ በአካሉ አንድ፣ በስሙም የታወቀ ሆኖ ሳለ ባሕርይው ለብዙዎች የተካፈለ ሊሆን ይችላልና፣ ስሙ አንድ ብቻ መሆኑ ወገን እንደሌለው አያስረዳም። ከዚህ የሚለየው፣ አካሉም ባሕርይውም አንድ የሆነ፣ ሌላ ተካፋይ ሊኖረው የማይቻል ፍጥረት ነው። በ13ኛው ምዕት ዓመት የነበረው የምዕራባውያን መምህር ቶማስ አኵይናስ፣ መላእክት ሥጋ ስለሌላቸው እያንዳንዱ መልአክ ለራሱ አንድ ዘመድ ነው፣ ከእርሱ ጋር በዘመድ የሚተባበር ሌላ የለም ብሎ አስተምሯል፤ የእኛው መጽሐፈ አክሲማሮስ ግን መላእክትን በመቶ ነገድ ከፍሎ በአለቆች ሥር ያሰልፋቸዋል። ከሥጋ በራቁት ላይ እንኳ ሊቃውንት በሁለት ወገን ከቆሙ፣ ጥፍርና ቀንድ ባላቸው ላይ መለያየቱ አያስደንቅም።

ከአካልና ከባሕርይ ሌላ መዓርግም አለ። ንጉሥ በግዛቱ አንድ ነው፤ ሰው በመሆኑ ግን ብዙ ወንድሞች አሉት፣ ቢሞትም በዙፋኑ ሌላ ይተካል። አንድ አውሬ “የባሕሩ ጌታ” ወይም “የጊዜ ገዢ” ሲባል፣ አንድ መሆኑ ከሥልጣኑ የመጣ እንደሆነ ከተፈጥሮው እንዳይደለ መመርመር ይገባል። ወገኑ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረ ፍጥረት ደግሞ አንድያነቱ ከኀዘን የተገኘ ስለሆነ ከእነዚህ ከሁሉም ይለያል። ከዚህ በታች የሚመጡት ማስረጃዎች የትኛውን እንደሚያስረዱ ሳይለዩ በአንድ ሚዛን ቢቀመጡ፣ ክርክሩ መቼም መቋጫ አያገኝም።

ሌዋታንና ብሔሞት

ሙሉ ንባቡ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቈየው መጽሐፈ ሄኖክ፣ በ60ኛው ምዕራፉ፣ በአንዲት ቀን የተለያዩ ሁለት ታላላቅ አራዊትን ያነሣል፤ ሌዋታን ሴት ናት፣ በውኃ ምንጮች ላይ በጥልቁ ትኖራለች፤ ብሔሞት ወንድ ነው፣ ከገነት በስተምሥራቅ ያለውን ወና ምድረ በዳ በደረቱ ሞልቶ ይይዛል። ዕዝራ ሱቱኤልም የመለያየታቸውን ምክንያት ሲሰጥ፣ ውኃ የተከማቸበት የምድር ሰባተኛ እጅ ሁለቱን አንድ ላይ ሊይዛቸው ባለመቻሉ ነው ይላል።

ከዚህ ንባብ ሁለት ተቃራኒ አሳብ ይወጣል። ወንድና ሴት ተብለው መጠራታቸው ዘር ለመተካት የተሰናዳ ተፈጥሮ እንዳላቸው ስለሚያመለክት፣ ወገን የሚሆን ነገር በውስጣቸው አለ የሚሉ ይኖራሉ፤ ሌሎች ግን አንዱ በጥልቅ፣ አንዱ በበረሃ መኖሩ፣ ስማቸውና ማደሪያቸውም መለያየቱ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ የተፈጠሩ መሆናቸውን ያጸናል ይላሉ። የአይሁድ ታልሙድ በዚህ ላይ ሦስተኛ መንገድ ያሳያል፤ እግዚአብሔር ሌዋታንን ራሱን ወንድና ሴት አድርጎ እንደፈጠረውና ቢዋለዱ ዓለምን ያጠፋሉና ሴቲቱን እንደገደላት ይተርካል። እንዲህ ከሆነ፣ አንድያነት ከጥንት የተሰጠ የክብር ምልክት መሆኑ ይቀርና፣ ለዓለም ደኅንነት ሲባል በፍጥረቱ ላይ የተጣለ ልጓም ይሆናል። ይህ ትርጓሜ ከሁሉ ይልቅ የጠለቀ ይመስለኛል፤ አስፈሪው ፍጥረት ለምን አይበዛም ለሚለው መልስ የሚሰጠው እርሱ ብቻ ነውና።

በ1663 ፈረንሳዊው ሊቅ ሳሙኤል ቦሻር፣ በመጽሐፈ ኢዮብ የተጻፈው ብሔሞት ጉማሬ፣ ሌዋታንም አዞ ነው ብሎ በሰፊው ጻፈ። በዚህ ትርጓሜ ሁለቱ አንድያነታቸውን ፈጽመው ያጣሉ፤ ከዓባይ እስከ አትባራ በየጥልቁ የሚገኙ ተራ እንስሳት ይሆናሉ። ነገር ግን ቦሻር የተረጐመው ኢዮብን እንጂ ሄኖክን አይደለም፤ የሄኖክን አራዊት ጉማሬና አዞ ብሎ ማሳጠር የመጽሐፉን ቃል ማጕደል ነው።

ፊንክስ

ስለ ወፉ ስለ ፊንክስ ነገሩ የጠራ ይመስላል። ሄሮዶቱስ በየ500 ዓመቱ ከዐረቢያ ወደ ሄሊዮጶሊስ ይመጣል ሲል የሰማውን ጽፏል፤ የሮሙ ቀሌምንጦስም በአንደኛው መልእክቱ ወፉን ለትንሣኤ ምሳሌ ሲያመጣው አንድያ ብሎ ጠርቶታል። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰውና ፍሪጽ ሆመል በ1877 ያሳተመው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም፣ ወፉ ራሱን በእሳት አቃጥሎ ከአመዱ እንደሚነሣ በመተረክ ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ምሳሌው የሚሠምረው ወፉ አንድ ሲሆን ብቻ ነው፤ ልጅ የሚተካ ቢሆን መሞቱ እንደ ማንኛውም ሞት ይሆንና ትንሣኤን አያስረዳም። ሆኖም በስላቮን ቋንቋ የተገኘው ሁለተኛው ሄኖክ ከፀሐይ ጋር ስለሚበሩ ፊንክሶች በብዙ ቍጥር ይናገራል። ስለዚህ የምሳሌ አስፈላጊነት በማይጫንበት ስፍራ፣ ይኸው ወፍ ሳይቸገር ወገን አግኝቷል።

አርዌ

በነገሥታት ዝርዝራችን መጀመሪያ የሚቆመው አርዌ፣ ሕዝቡ ልጃገረድን እየገበረ ሲገዛለት የኖረ ዘንዶ ነበር፤ አንዳንዱ ዝርዝር የንግሡን ዘመን 400 ዓመት ያደርሰዋል። አንጋቦ ገደለው፣ በእርሱም ፈንታ ነገሠ፣ ንግሥተ ሳባ ማክዳም የአንጋቦ ልጅ ናት ይባላል። ኤኖ ሊትማን በ1904 የዚህን ትውፊት የአክሱም ቅጂ አሳትሟል።

አርዌ ወገን ነበረውን? ትውፊቱ ስለ ወላጆቹም ስለ ልጆቹም ዝም ይላል። የአገራችን ትውፊት ግን ዘንዶን በሌላም ስፍራ ያውቃል፤ አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣው ዘንዶ አለ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በቤሩት የገደለው ደራጎንም በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ተሥሎ ይታያል። እነዚህን አርዌ ብሎ የጠራቸው ግን የለም። ከተመራማሪዎች ወገን አርዌን ከክርስትና በፊት የነበረ የእባብ አምልኮ መታሰቢያ አድርገው የሚተረጕሙ አሉ፤ በዚህ አካሄድ አርዌ የአንድ አውሬ ስም መሆኑ ይቀርና የአንድ ዘመን ስም ይሆናል። ሌሎች ሥርወ መንግሥት ከየት እንደተጀመረ ለማስረዳት የቆመ አንድ ገጸ ባሕርይ ነው ይላሉ። በእኔ አስተያየት የአርዌ አንድያነት ከላይ መዓርግ ካልነው ይመደባል፤ ዘንዶ በመሆኑ ወገን ሊኖረው ይችላል፣ ንጉሥ በመሆኑ ግን አንድ ነው፣ ከሞተም በኋላ በዙፋኑ የተቀመጠው ሰው እንጂ ሌላ ዘንዶ አይደለም።

በአትባራና በሰቲት መካከል

ግእዝ አርዌ የሚለውን ቃል ለማንኛውም አውሬ ስለሚጠቀምበት አውራሪስን አርዌ ሐሪስ ይለዋል። በ6ኛው ምዕት ዓመት አዱሊስ የደረሰው ነጋዴ ኮስማስም ኢትዮጵያውያን ይህን እንስሳ በዚሁ ስም እንደሚጠሩት ጽፏል፤ ሕያው አውራሪስን ከሩቅ፣ ገለባ የተሞላ ቆዳውንም በንጉሡ ቤት እንዳየ ከተናገረ በኋላ፣ ባለ አንድ ቀንዱን አውሬ ግን በዓይኑ እንዳላየው፣ ያየው አራት ግንብ ባለው የንጉሡ ቤተ መንግሥት የቆሙትን አራት የናስ ምስሎች እንደሆነ ለይቶ አስታውቋል። የዚህ ሰው ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ነው፤ ሁለቱን እንስሳት አልቀላቀለም፣ ያየውንና የሰማውንም ለየብቻው አስቀምጧል። በኋላ የመጡት እንዲህ አልተጠነቀቁም። በ17ኛው ምዕት ዓመት በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ፣ ፈረስ የሚመስል ባለ አንድ ቀንድ እንስሳ በአገው ምድር እንደታየ ጻፈ፤ በ1820ዎቹ ወደ ሱዳን የመጣው ኤድዋርድ ሩፔልም በኮርዶፋን ተመሳሳይ ወሬ ሰማ።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከጎንደር ወጥቶ በ1772 ወደ ስናር ሲወርድ፣ በቆላው ከወይዘሮ አስቴር ልጅ ከክንፉ ጋር ዝሆንና አውራሪስ አድኖ ነበር። የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጆች በ1773 ወደ አውሮፓ ያደረሰው ይኸው ሰው መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ የሌዋታንና የብሔሞት ንባብ፣ የቆላውም አውራሪስ ዜና፣ በአንድ ሰው እጅ ተሻገሩ። ብሩስ የአገራችን አውራሪስ ሁለት ቀንድ እንዳለው መሰከረ፤ ነገር ግን በመጽሐፉ ያወጣው ሥዕል፣ ቆዳው እንደ ጥሩር የተጣጠፈውን የእስያውን ባለ አንድ ቀንድ አውራሪስ ከፈረንሳዊው ቢፎን ወስዶ ሁለተኛ ቀንድ የጨመረበት ነው ተብሎ ተነቅፏል። ነቀፋው በቦታው ነው፤ በዓይኑ ያየ ምስክር እንኳ ያየውን ሲሥል በመጽሐፍ በተማረው ምስል እንደሚሸነፍ ያሳያልና።

በ1861 እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ከባለቤቱ ጋር አትባራን ተከትሎ ሲወጣ የሐምራን ዐረቦችን አደን በቅርብ አየ። አዳኞቹ በፈረስ ሆነው ሰይፍ ብቻ ይዘው ዝሆን ይገጥማሉ፤ አንዱ በፊቱ እየጋለበ ያስቈጣዋል፣ ዝሆኑ ሲያባርረው ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረሱ ይወርድና በሁለት እጁ በያዘው ሰይፍ ቋንጃውን ይቈርጠዋል። አውራሪስንም በፈረስ ያሳድዱ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች አውራሪስ ሁለት ቀንድ ያለው፣ ሥጋው የሚበላ፣ ቆዳው ጋሻ የሚሆን እንስሳ እንጂ አንድያ ምስጢር አልነበረም።

ወንዙ ራሱ ስለ ማስረጃ አንድ ትልቅ ነገር ያስተምራል። ቤከር እንደጻፈው አትባራ በበጋ መፍሰሱን አቋርጦ በአሸዋው መካከል የተበታተኑ ጥልቅ ኩሬዎች ብቻ ይቀሩታል፤ በእነዚያም ኩሬዎች ጉማሬው፣ አዞው፣ ዓሣው፣ ኤሊውም ተጨናንቀው ይከርማሉ። በሰኔ ወር ግን አንድ ሌሊት እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፣ ሲነጋም ደረቁ አሸዋ ታላቅ ወንዝ ሆኖ ተገኘ። በበጋ የመጣ ተመልካች በአንድ ኩሬ ብዙ ጉማሬዎችን ስለሚያይ ወገን መሆናቸውን አይጠራጠርም፤ በክረምት የመጣው ግን በሰፊው ጎርፍ ላይ አንድ ራስ ብቻ ብቅ ብሎ ሲሰጥም ያይና የጥልቁ ጌታ አንድ ነው ብሎ ይመለሳል። ሁለቱም የመሰከሩት እውነት ነው። ብቻውን መታየትና ብቻውን መኖር ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጥቍር አውራሪስ ደግሞ በጠባዩ ብቸኛ ስለሆነ፣ ስለ እርሱ የሚነገረው ወሬ ሁሉ ስለ አንድ አውሬ መሆኑ ግድ ነው።

በ1868 ከካሰላ አካባቢ ተይዞ ለንደን የገባው ጥቍር አውራሪስ፣ ከሮማውያን ዘመን ወዲህ አውሮፓ በሕይወቱ ያየችው የመጀመሪያው የአፍሪካ አውራሪስ ነበር። በተያዘበት አገር ከብዙዎች አንዱ የነበረው እንስሳ፣ ባሕር ሲሻገር አንድያ ሆነ።

ፖኬሞንና የወዳጆቹ ክርክር

ሳቶሺ ታጂሪ የፈጠረውና ጌም ፍሪክ የተባለው ድርጅት የሠራው ጨዋታ በየካቲት 1996 በጃፓን ሲወጣ 151 ፍጥረታት ነበሩት። ከእነዚህ መካከል አርቲኩኖ፣ ዛፕዶስና ሞልትረስ የተባሉት ሦስት ወፎች፣ በሰው ጥበብም የተሠራው ሚውቱ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ስፍራ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛሉ፤ ተጫዋቹ ሳይዛቸው ቢያሸንፋቸው በዚያ ጨዋታ ዳግመኛ አያገኛቸውም። አንድያ ናቸው የሚለው ወገን ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ይደገፋል። በ1999 በወጣው ሁለተኛው ትውልድ ፍጥረታትን ማዋለድ ሲጀመር እነዚህ እንቍላል የማይጥሉ ተደርገው መለየታቸውም ለዚህ ወገን ሁለተኛ ማስረጃ ሆነ።

ወገን አላቸው የሚሉት ግን ያላነሰ ማስረጃ ያቀርባሉ። በ2002 የወጡት ላቲያስና ላቲዮስ፣ ስለ ፍጥረታቱ በሚናገረው የጨዋታው መዝገብ ውስጥ፣ በትንሽ መንጋ እንደሚኖሩ ተጽፏል፤ መንጋ ያለው ደግሞ አንድያ ሊባል አይችልም። በተከታታዩ የሥዕል ፊልም ሉጊያ ከግልገሉ ጋር ታይቷል። በ1998 እና በ2013 በወጡት ፊልሞች የቀረቡት ሁለት ሚውቱዎችም የተለያዩ አካላት ናቸው። በ2006 የመጣው ማናፊ፣ ዲቶ ከተባለው ፍጥረት ጋር ሲጣመር እንቍላል ይጥላል፤ ከእንቍላሉ የሚወጣው ግን ፊዮኒ ነው፣ ፊዮኒም አድጎ ማናፊ አይሆንም። ስለ ማናፊ በሁለቱም ወገን ያሉት ሰዎች ድል አድርገናል ማለታቸው አያስገርምም፤ ዘር አለው፣ መሰሉን ግን አልወለደምና።

ከሁሉ የሚከብደው በ2009 በወጣው ቅጂ ያለው ትዕይንት ነው። አርሲየስ፣ በዚያ ዓለም ትረካ የፍጥረታት መጀመሪያ የሆነው፣ ተጫዋቹ ይዞት ወደ አንድ ጥንታዊ ፍርስራሽ ሲሄድ፣ ከጊዜው ገዢ ከዲያልጋ፣ ከቦታው ገዢ ከፓልኪያ፣ ወይም ከጊራቲና ተጫዋቹ የመረጠውን አንዱን በእንቍላል አዲስ ይፈጥርለታል። አስቀድሞ ያለው ዲያልጋ ሳይሞት ሌላ ዲያልጋ ከተፈጠረ፣ ባሕርይው ለሁለት ሊካፈል የሚችል መሆኑ በግልጽ ተረጋገጠ። የጊዜ ገዢነቱ ግን ለሁለቱ እኩል ይሆን እንደሆነ ጨዋታው አይናገርም፤ መዓርግን ከባሕርይ የለየነው ለእንዲህ ያለው ስፍራ ነበር።

ሦስተኛ ወገን ደግሞ አለ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የገዛው ካሴት ለራሱ የቆመ ዓለም ነውና፣ በየዓለሙ አንድ ብቻ አለ፣ ሁለት የሚሆነው ተጫዋቾች ሲለዋወጡ ብቻ ነው ይላል። ይህ አሳብ ብልኀት አለው፤ ነገር ግን የሚያድነው አንድያነት ማንም የማይክደውን ነው። በ2017 በስልክ የሚጫወቱት ፖኬሞን ጎ እነዚህን ፍጥረታት በአደባባይ ለሁሉ ሲያቀርብ፣ እጅግ ብዙ ሰዎች በአንድ ዓለም ውስጥ ሆነው ሉጊያን በየቤታቸው አስገብተዋል፤ የካሴቱ ክርክር በዚያ ቀን ኀይሉን አጥቷል። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ላቲያስና ሉጊያ ወገን ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፣ ዲያልጋ በመዓርግ አንድ፣ በባሕርይ ግን ተካፋይ ያለው ነው፣ አንድያ ሊባል የሚገባው በትረካው መጀመሪያ የቆመው አርሲየስ ብቻ ነው፤ ለእርሱም ቢሆን ተጫዋች ሊይዘው መቻሉ ጥያቄ ሆኖ ይቀጥላል።

ሳይፈታ የቀረው

ባሕርይው ለብዙ የተካፈለ ፍጥረት አንድያ ሊሆን ይችላልን? የዘመናችን ነገር አዎን እንድንል ያስገድዳል። በደቡብ ሱዳን ተይዞ በ1975 ወደ ቼኮዝሎቫኪያ የተወሰደውና ኋላ ወደ ኬንያ የተዛወረው፣ ሱዳን የተባለው ሰሜናዊ ነጭ አውራሪስ፣ በመጋቢት 2018 ሲሞት የነገዱ የመጨረሻ ወንድ ነበር፤ ከእርሱ የቀሩት ናጂንና ፋቱ የተባሉ ሁለት እንስቶች ናቸው። የጨዋታው ሠሪዎች በሕግ ያጸኑት አለመዋለድ፣ ታልሙድም በሌዋታን ላይ የተረከው፣ በእነዚህ ላይ በሰው እጅ ተፈጸመ። በተቃራኒው በ2016 በዐማራ ክልል ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር በሚዋሰነው በአላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከአካባቢው ሰው በቀር ሌላው ዓለም በቅጡ የማያውቃቸው አንበሶች መኖራቸው በካሜራ ተረጋግጧል። ወሬ የነበረው ወገን ሆኖ ተገኘ፤ ወገን የነበረው ደግሞ ወሬ ሊሆን ደርሷል።

ከመጽሐፍ ውጭ በቃል የሚነገረው ግን ገና አልተሰበሰበም። በመተማ፣ በሑመራ፣ በገዳሪፍም የምትኖሩ አንባብያን፣ አረጋውያን ስለ ወንዙ ወይም ስለ ዱሩ አውሬ ሲተርኩላችሁ፣ አውሬው ምን ይመስል እንደነበር ብቻ ጠይቃችሁ አትተዉ፤ ወገን ነበረውን፣ ልጅስ ነበረውን ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ከስፍራውና ከወንዙ ስም ጋር ጻፉት።